«ዘ ዎክ»ን አስተውሎ ለማየት፦ የገመድ ላይ ተራማጁን የፊሊፕ ፐቲን ፊልም ለሚመለከቱ የቀረበ መመሪያ

የሮበርት ዜሜኪስ «ዘ ዎክ» እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ አብዛኛው ሰው ወደ ሲኒማ ቤት የሄደው አንድ ትዕይንት ለማየት ነበር፤ ይኸውም ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፐቲ በኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች መካከል በተዘረጋ የብረት ገመድ ላይ፣ ከመሬት 400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲራመድ ማየት። ይህ ትዕይንት ግን የሚመጣው ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚያልፈው ፊልም ማብቂያ አካባቢ ነው። እርሱን ብቻ እየጠበቀ የሚቀመጥ ተመልካች ከአንድ ሰዓት ተኩል የማያንስ ጊዜ ሰዓቱን እያየ ያሳልፋል፤ ትዕይንቱ ሲደርስም ምን ያህል ነገር በዚያ ገመድ ላይ እንደተንጠለጠለ ሳይረዳ ያልፈዋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ምክር አንድ ነው፦ ፊልሙን እንደ አንድ ከባድ ሥራ ታሪክ አድርገው ይመልከቱት። ገመዱ እንዴት በድብቅ እንደገባ፣ በማን እጅ እንደተሳበ፣ በምን እንደተወጠረ የተከታተለ ሰው የመጨረሻውን ትዕይንት በሌላ ዓይን ያየዋል።

ከማየትዎ በፊት

ፍጻሜውን አስቀድሞ ማወቅ የፊልሙን ጣዕም ያጠፋል ብለው የሚሰጉ ካሉ፣ በዚህ ፊልም ረገድ ስጋታቸው መሠረት የለውም። ፐቲ ገመዱን በሰላም ተሻግሯል፤ ታሪኩንም ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ጽፎ አሳትሟል። ፊልሙም ቢሆን ይህን ሊደብቅ አይሞክርም፤ ገና ሲከፈት ፐቲ በነፃነት ሐውልት ችቦ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው መንትያ ሕንፃዎቹ እየታዩ፣ ለተመልካቹ ታሪኩን ይተርካል። የሚያጓጓው «ይወድቅ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን «ይህን እንዴት አድርገው ቻሉት?» የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥቂት እውነታዎችን ይዞ መቀመጥ ይረዳል።

ፐቲ እ.ኤ.አ. በ1949 በፈረንሳይ አገር ኔሙር በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ ኳስ እየወረወረ በመቅለብ፣ የእጅ ቅልጥፍና ትርኢት በማሳየትና በገመድ ላይ በመራመድ ሳንቲም ይሰበስብ ነበር። በ1968፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራውን እየጠበቀ ሳለ፣ በኒውዮርክ ሊሠሩ ስለታሰቡት መንትያ ሕንፃዎች የሚናገር ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር አየ፤ ሐሳቡ የተጠነሰሰው በዚያ ነው። ሐሳቡን በኒውዮርክ ከመፈጸሙ በፊት ግን ሌሎች ልምምዶች ነበሩ፦ በ1971 በፓሪስ የኖትርዳም ካቴድራል ሁለት ማማዎች መካከል፣ በ1973 ደግሞ በአውስትራሊያ በሲድኒ ወደብ ድልድይ ላይ፣ ሁለቱንም ያለ ፈቃድ ገመድ ዘርግቶ ተራምዷል።

መንትያ ሕንፃዎቹ የአርክቴክት ሚኖሩ ያማሳኪ ንድፍ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 110 ፎቅ ነበሯቸው። የተመረቁት በሚያዝያ 1973 ቢሆንም፣ ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላም የላይኛዎቹ ፎቆች ሥራ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ይህን ነጥብ ልብ ይበሉት፤ ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ ሥራ ቢጀምር ኖሮ ሁለት መቶ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ገመድ ይዘው ጣሪያው ሥር የሚደርሱበት መንገድ ባልኖረ ነበር። የገቡት የግንባታ ዕቃ አቅራቢና ሠራተኛ መስለው ነው።

ጉዞው የተፈጸመው ረቡዕ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1974፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደርግ ሹማምንቱን በየተራ እያሰረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ወር ገደማ ሲቀራቸው። ዋሽንግተንም የተረጋጋች አልነበረችም፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሥልጣን እንደሚለቁ ያስታወቁት በማግስቱ ምሽት ነው። ፊልሙ በዚህ ሁሉ ላይ አይቆምም፤ ሆኖም ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ የቆመው የኒውዮርክ ሕዝብ በምን ስሜት ውስጥ እንደነበረ ለመገመት ይህን ማስታወስ አይከፋም።

የሚያዩበት ቦታና ሁኔታ

ፊልሙ የተሠራው በአይማክስና በስሪ ዲ እንዲታይ ታስቦ ነው። እንዲያ ያለ ሲኒማ ቤት ባለበት ከተማ የሚኖሩና ፊልሙ ለልዩ ዝግጅት እንደገና መታየቱን የሰሙ ሰዎች ዕድሉን ባያሳልፉት ይሻላል። በቤት ውስጥ ለሚያዩት ደግሞ የሚገኘውን ትልቁን ቴሌቪዥን መምረጥና መብራት ማጥፋት ተገቢ ነው። በስልክ ማየትን ግን አልመክርም፤ የከፍታው ስሜት የሚመጣው ምስሉ ከተመልካቹ ዓይን ሲበልጥ ነውና፣ በመዳፍ ላይ የሚታይ 110 ፎቅ ከአንድ ፎቅ እምብዛም አይለይም።

ከፍታ የሚያስፈራቸው ሰዎች በተቃራኒው መሄድ አለባቸው። ፊልሙ በወጣበት ወቅት በስሪ ዲ ያዩት አንዳንድ ተመልካቾች ራሳቸውን እንዳዞራቸው ተዘግቦ ነበር። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው መብራት ሳያጠፋ፣ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ሲከብደውም ዓይኑን ወደ ምስሉ ጠርዝ ወይም ወደ ክፍሉ ግድግዳ መለስ ቢያደርግ ይቀለዋል። ዓይን መጨፈን ግን ብዙም አይረዳም፤ የነፋሱና የሚንጣጣው ገመድ ድምፅ ሥራውን ይቀጥላልና።

ስለ ድምፅ ከተነሣ፣ በአማርኛ ድምፅ እየተተረከ የሚቀርብ ፊልም የለመዱ ተመልካቾች ይህን ፊልም በጽሑፍ ትርጉም ቢያዩት ይመረጣል። ንግግሩ በአመዛኙ እንግሊዝኛ ሲሆን አልፎ አልፎ ፈረንሳይኛ ይገባበታል፤ ፐቲን ሆኖ የሚጫወተው አሜሪካዊው ጆሴፍ ጎርደን ሌቪትም እንግሊዝኛውን በፈረንሳዮች አነጋገር ነው የሚናገረው። አነጋገሩ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ ይለመዳል። ተዋናዩ የገመድ ላይ አረማመዱን የተማረው ከራሱ ከፐቲ ሲሆን ሥልጠናው ስምንት ቀን የፈጀ ነበር። እግሩን ሲያነሣና ሲያሳርፍ የሚታየው እርግጠኛነት ከየት እንደመጣ ይህ በከፊል ያስረዳል፤ እጅግ አስቸጋሪ የሆኑትን ክፍሎች የሠራው ግን በሙያው የተካነ ተተኪ ነው።

ተራኪውን በጥንቃቄ ማዳመጥ

ፊልሙ የተመሠረተው ፐቲ በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ተራኪውም እርሱው ነው። ስለዚህ የሚሰሙት ሁሉ ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረው ነው። እንዲህ ያለውን የሕይወት ታሪክ ፊልም ለማየት ጠቃሚ ልማድ አለ፦ ተራኪው በችቦው ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «ይህን ነገር አጠገቡ የነበረው ሌላ ሰው እንዴት ይተርከው ነበር?» ብሎ መጠየቅ። ፐቲ «ተባባሪዎቼ» እያለ የሚጠራቸው ሰዎች በፊልሙ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እርሱን ለመርዳት፣ ለማድነቅ ወይም ለማበሳጨት ብቻ የተፈጠሩ ይመስላሉ። እነዚህ ሰዎች ግን በእውን የነበሩ፣ የራሳቸው ሕይወትና ቅሬታ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በእኔ ግምት የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ተራኪው ዝም ማለት አለመቻሉ ነው። ምስሉ አስቀድሞ የነገረንን በቃል ይደግምልናል፤ አንዳንዴም ተመልካቹ ሊፈራ ሲል «አሁን ፈርቻለሁ» ብሎ ይቀድመዋል። ይህ የሚያስመርረው ሰው ፊልሙን አቋርጦ ከመነሣት ይልቅ ተራኪውን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ገጸ ባሕርይ ቢቆጥረው፣ ማለትም ስለ ራሱ ማውራት እጅግ የሚወድ የመንገድ ትርኢተኛ አድርጎ ቢያየው ይሻለዋል፤ ሰውየው በእውነትም እንዲያ ነውና።

የፓሪሱ ክፍል፦ ጣፋጩን አልፎ ትምህርቱን መያዝ

የመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ ያህል በፓሪስ ያልፋል። በጥቁርና ነጭ የተቀረጹ፣ አንዳንድ ነገሮች ብቻ ቀለም የተቀቡባቸው ትዕይንቶች፣ በጎዳና ላይ የምትዘፍነው አኒ፣ በዝናብ ውስጥ የሚጀመር ፍቅር፤ ይህ ሁሉ ከሚገባው በላይ ጣፍጧል። በችኮላ ማሳለፍ ግን ስሕተት ይሆናል፤ ምክንያቱም ኋላ ላይ የሚያስፈልገው ዕውቀት ሁሉ የሚሰጠው በዚህ ክፍል ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ቤን ኪንግስሌይ የሚጫወታቸው ፓፓ ሩዲ ከፐቲ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ነው። ሩዲ ኦማንኮውስኪ በእውን የነበሩ፣ በገመድ ላይ ትርኢት የታወቀ የቤተሰብ ቡድን መሪ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ለሚያስተምሩት ለእያንዳንዱ ነገር ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ይህም ሰውየውን ንፉግ ለማስመሰል የገባ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍና በዋዛ የማይሰጥ መሆኑን ይነግረናል። ከሚያስተምሩት ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛው የካቫሌቲ ጉዳይ ነው፤ ካቫሌቲ ማለት ዋናው ገመድ ወዲያና ወዲህ እንዳይወዛወዝ ከጎንና ጎን ወደ ታች ወርደው የሚወጥሩት ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። አንድ የብረት ገመድ ምንም ያህል ቢወጠር ሰው ሲረግጠው ይርገበገባል፣ በራሱም ዙሪያ መጠምዘዝ ይፈልጋል፤ ይህን የሚገታው ካቫሌቲ ነው። ሁለተኛው የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች የሚመለከት ነው፤ ሽማግሌው አብዛኞቹ ተራማጆች የሚሞቱት ሊደርሱ ሲሉ፣ ደረስን ብለው ሐሳባቸውን ሲለቁ መሆኑን ይነግሩታል። ኋላ በሰማይ ላይ ወደ ጣሪያው ጠርዝ በተጠጋ ቁጥር ይህ ምክር በተመልካቹ ጆሮ ሊያቃጭል ይገባል፤ ዜሜኪስም ትዕይንቱን የሠራው በዚህ ላይ ተማምኖ ነው።

ተራማጁ ሚዛን ለመጠበቅ በእጁ ስለሚይዘው ዘንግም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፐቲ በኒውዮርክ የያዘው ዘንግ 8 ሜትር ያህል ርዝመትና 25 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነበረው። ብዙ ሰው ዘንጉ የሚያገለግለው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ በሌላው ጎን ለማካካስ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ ክብደቱ ከሰውየው ርቆ በሁለቱም ጫፍ ስለተበተነ፣ ሰውየው መዘንበል ቢጀምር እንኳ ዝንባሌው በጣም ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ በዚህም ሚዛኑን የሚያስተካክልበት ጊዜ ያገኛል። ጫፎቹ ወደ ታች ጎበጥ ማለታቸውም የክብደቱን ማእከል ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በጉዞው ትዕይንት ላይ ከእግሩ ይልቅ የዘንጉን ጫፎች ማየት የበለጠ ይናገራል፤ ሰውየው ፊቱ የረጋ ቢመስልም ጫፎቹ ያሳብቁበታል።

ሌሊቱ፦ የፊልሙ እምብርት

ከኦገስት 6 ከሰዓት በኋላ እስከ ማግስቱ ጎሕ ድረስ ያለው ክፍል፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከራሱ ከጉዞው ይበልጣል። ስልክ የሚጠፋው፣ ቡና የሚቀርበው፣ ልጆች የሚተኙት ከዚህ ክፍል በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ሰዎቹን ለመለየት እንዲቀል ቦታቸውን ይያዙ። ፐቲና ዤፍ የተባለው ጓደኛው በደቡቡ ሕንፃ ናቸው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ዣን ሉዊ ከአንድ አሜሪካዊ ረዳት ጋር በሰሜኑ። ዤፍ ከፍታ ይፈራል፤ ይህ የፊልሙ ቀልድ ምንጭ ቢሆንም ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ቀልዱ ይጠፋል። በሕንፃው ውስጥ በ82ኛው ፎቅ የሚሠራው ባለ ትልቅ ጢሙ ባሪ ግሪንሃውስም አለ፤ እርሱ በእውኑ ታሪክ ውስጥም መግቢያ መታወቂያ በማመቻቸት የረዳ የውስጥ ሰው ነው። ፐቲን ቀድሞ ያየው በፓሪስ ጎዳና ላይ ትርኢት ሲያሳይ ነበር።

ወደ ላይ የወጡት ሰዎች ወዲያው ሥራ አልጀመሩም። ጠባቂ ስለመጣባቸው ፐቲና ዤፍ በሸራ ሥር ተሸሽገው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ። ፊልሙ ይህን ሲያሳይ ሁለቱን ሰዎች ከሥራቸው ባዶ ገደል በሆነበት የብረት ምሰሶ ላይ ያስቀምጣቸዋል። የእግር መደንዘዙን፣ ትንፋሽ መቆጣጠሩን፣ ሸራው እንዳይንኮሻኮሽ መፍራቱን ይከታተሉ፤ ነገ ጠዋት በገመድ ላይ የሚወጣው ሰው ሌሊቱን ያሳለፈው እንዲህ ነው፤ እንቅልፍም አልተኛም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ከአርባ ሜትር በላይ የሚራራቁ ሁለት ጣሪያዎችን በከባድ የብረት ገመድ እንዴት ማገናኘት ይቻላል? ገመዱን መወርወር አይታሰብም። መልሱ ቀስት ነበር። ዣን ሉዊ ከሰሜኑ ጣሪያ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር የታሰረበትን ፍላጻ በጨለማ ወደ ደቡቡ ጣሪያ አስፈነጠረ። ፐቲ ፍላጻው የት እንደወደቀ ማየት ስላልቻለ ልብሱን አውልቆ፣ የማይታየውን ቀጭን ክር በገላው ለመዳሰስ በጣሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ይህ ፈጠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ራሱ ፐቲ በተለያየ ጊዜ የተናገረው ነው። ፍላጻው የተገኘው በጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያ ክር ወፈር ያለ ሲባጎ ተሳበ፣ በሲባጎው ገመድ፣ በገመዱም የብረቱ ገመድ።

እዚህ ላይ ፊልሙን ማቆምና ጥቂት ወደ ኋላ መልሶ ማየት ያዋጣል። የብረቱ ገመድ ከጠርዙ ማዶ ሲያልፍ ክብደቱ ከሰዎቹ እጅ በለጠ፤ ተንሸራትቶም በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ወደ ታች ቁልቁል ተንጠለጠለ። ያንን ሁሉ ብረት በእጅ፣ ክንድ በክንድ እየሳቡ ማውጣት ሰዓታት ፈጀ፤ ሊነጋም ነበር። የካቫሌቲዎቹ አሠራር የታሰበውን ያህል ያልሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በፊልሙ ውስጥ ረዳቱ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ዣን ሉዊ ብቻውን ይቀራል። ተመልካቹ የዣን ሉዊን እጆች ካስተዋለ፣ በማግስቱ ስሙ በዓለም ጋዜጦች የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ የማይወጣው ደግሞ ማን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

ጉዞው

በእውን ጉዞው 45 ደቂቃ ያህል ፈጅቷል፤ ፐቲም ስምንት ጊዜ ተመላልሷል። በፊልሙ ውስጥ ትዕይንቱ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ የሚያዩት አጥሮ የቀረበ መሆኑን እያሰቡ፣ ሰውየው ከሚታየው ቢያንስ ሁለት እጥፍ በሚበልጥ ጊዜ በዚያ ላይ መቆየቱን ያስታውሱ። መንበርከኩ፣ ጋደም ማለቱ፣ ለሕዝቡ እጅ መንሣቱ፣ በሁለቱም ጫፍ የሚጠብቁት ፖሊሶች ፊት እየደረሰ ተመልሶ መሄዱ በዓይን ምስክሮችና በፐቲ የተነገረ ነው። በቦታው የነበሩት ሳጅን ቻርልስ ዳንኤልስ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ሰውየውን ተራማጅ ማለት ስለማይቻል በገመድ ላይ የሚደንስ ብለውታል። ይህን የተናገሩት ሊይዙት የወጡ ፖሊስ መሆናቸው ነገሩን ያጎላዋል።

የዚያ ጠዋት ጉዞ ተንቀሳቃሽ ፊልም የለውም፤ ለታሪክ የቀሩት ፎቶግራፎች ናቸው። የዜሜኪስ ድርሻ የሚመዘነው በዚህ ነው፦ ማንም ያልቀረጸውን ነገር ከሰውየው ትከሻ ላይ ሆነን እንድናየው አድርጓል። ለዚህም የጣሪያውን ጥግ በሞንትሪያል ስቱዲዮ ውስጥ ገንብቶ የቀረውን፣ ከተማውን ጨምሮ፣ በኮምፒውተር ሠርቶታል። የምስል ባለሙያው ዳሪውስ ቮልስኪ ካሜራውን ብዙ ጊዜ ቁልቁል ከመወርወር ይልቅ መጀመሪያ ጭጋጉን ያሳያል፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ነው ጎዳናው የሚታየው። የከፍታው ድንጋጤ የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ነው።

ከፊልሙ በኋላ፦ ዘጋቢ ፊልሙን ማየት

በጄምስ ማርሽ የተዘጋጀው «ማን ኦን ዋየር» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በ2008 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ በመድረኩ ላይ ፐቲ ሐውልቱን አገጩ ላይ አቁሞ ሚዛን ሲጠብቅ የታየውም ያን ዕለት ነው። ሁለቱን ለማየት የሚፈልግ ሰው በየትኛው ይጀምር? ብዙ የፊልም ወዳጆች ዘጋቢውን ያስቀድማሉ፣ በጥበብም ረገድ እርሱ እንደሚበልጥ ይናገራሉ፤ በሁለተኛው ነጥብ እስማማለሁ። በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። «ዘ ዎክ»ን አስቀድሞ ያየ ሰው የገመዱን አሠራር በዓይኑ ስለያዘ፣ በዘጋቢው ውስጥ እውነተኞቹ ሰዎች ሲናገሩ የሚሉትን እያንዳንዱን ነገር ሊስለው ይችላል። ዘጋቢውን አስቀድሞ ካየ ግን ተዋናዮቹ ሁሉ የውሸት ይሆኑበታል።

በዘጋቢው ውስጥ ሁለት ሰዎችን በተለይ ያዳምጡ፤ አኒ አሊክስንና ዣን ሉዊ ብሎንዶን። «ዘ ዎክ» ላይ አኒ የራሷን ሕልም ለመከተል በፍቅር ተሰናብታ ትሄዳለች፤ ጓደኞቹም በፈገግታ ይበተናሉ። በዘጋቢው ውስጥ ዣን ሉዊ ስለዚያ ዘመን ሲናገር እንባ ይቀድመዋል፤ ጉዞው ካበቃ በኋላ ወዳጅነታቸው እንደ ነበረ አለመቀጠሉ ከሁሉም ፊት ይነበባል። ፐቲ ከእስር እንደወጣ ጓደኞቹ እየጠበቁት ከአንዲት አድናቂ ጋር መሄዱን ራሱ ሳያፍር ይተርካል። በአንጻሩ ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ ክሱ የተነሣለት በሴንትራል ፓርክ ለልጆች ነፃ ትርኢት እንዲያሳይ ተስማምቶ ነው። «ዘ ዎክ» የጓደኞቹን ቅሬታ ለምን አለዘበው ቢባል፣ ተራኪው ማን እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል።

የፊልሙ መዝጊያ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፐቲ ወደ ሕንፃው መመልከቻ ሰገነት ለመውጣት የተሰጠውን ነፃ መግቢያ ያሳያል፤ የማብቂያው ቀን ተሰርዞ «ለዘላለም» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ሕንፃዎቹ በፀሐይ ብርሃን ወርቃማ ሆነው ይታያሉ፣ ቀስ እያሉም ይደበዝዛሉ። ስለ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አንድም ቃል አይነገርም። ያ ቀን በእኛ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር፤ በኢትዮጵያ የእንቁጣጣሽ ከሰዓት በኋላ ላይ እንግዳ ተቀብለው ቴሌቪዥን ከፍተው የነበሩ ብዙ ሰዎች ሕንፃዎቹን ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ በወጉ ያዩዋቸው ሲፈርሱ ነው። እንዲህ ላለ ተመልካች ፊልሙ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሊፍታቸውን፣ ደረጃቸውን፣ ያልተለሰኑ ግድግዳዎቻቸውን፣ የሠራተኞቻቸውን ጫጫታ ያሳያል። ከዚያ ዘመን በኋላ የተወለዱ ልጆች አብረው ካሉ ግን መዝጊያው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተራ የፀሐይ መጥለቅ ሆኖ ያልፋቸዋል።

ከልጆች ጋር ለሚያዩ

በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ ፒ ጂ ነው፤ ይህም ወላጅ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል ማለት ነው። ፐቲ በጣሪያው ላይ ልብሱን የሚያወልቅበት ትዕይንት፣ ጥቂት ስድብ፣ ሲጋራና ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚነሣ አጭር ነገር አለበት። እግሩ ሚስማር የሚረግጥበት ትዕይንት ደግሞ ከከፍታው ይልቅ ትንንሽ ልጆችን ያስጮኻል። በተረፈ አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ሊያየው የሚችል ፊልም ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ ከፊልሙ በኋላ የሚመጣው ነው። ልጆች ገመድ ፍለጋ መሄዳቸው አይቀርም፤ መከልከሉም እምብዛም አይሠራም። ፐቲ በፊልሙ ውስጥ ልምምዱን የጀመረው በዛፎች መካከል ብዙ ገመዶችን ጎን ለጎን አስሮ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየቀነሰ መሆኑን ወደዚያ ትዕይንት መልሰው ቢያሳዩአቸው መልካም ነው። በሣር ላይ፣ ከልጁ ጉልበት በማይበልጥ ከፍታ፣ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ የጭነት ማሰሪያ በሁለት ጠንካራ ዛፎች መካከል ወጥሮ፣ አንድ አዋቂ እጁን ይዞት እንዲሞክር ማድረግ ይቻላል። በሰገነት፣ በጣሪያ፣ በአጥር ግንብና ግንባታው ባላለቀ ሕንፃ ላይ ግን በምንም ዓይነት መሞከር እንደሌለበት፣ ፐቲም ቢሆን ወደ ኒውዮርክ ከመሄዱ በፊት ስድስት ዓመት መዘጋጀቱን ጨምሮ፣ ቁርጥ አድርጎ መንገር ይገባል።